ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ ምክር ቤት ያላገኙት መካሪ



በዚህ ዓመት የታሪክ መምህራችን እያንዳንዳችን የአንድ ስመ ጥር ሰው የሕይወት ታሪክ ጽፈን እንድናቀርብ ባዘዙን ጊዜ፣ ከክፍላችን ልጆች የሚበዙት የጦር ሜዳ ጀግና መረጡ። ዐፄ ቴዎድሮስና ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ብቻ ከአሥር በላይ ጸሐፊ አገኙ። እኔ ግን አንድ የጉምሩክ ሹም መረጥሁ። ጓደኞቼም ሳቁብኝ፤ አንዱማ የድሬዳዋ ቀረጥ ሰብሳቢ ለደብረ ማርቆስ ተማሪ ምን ይፈይድለታል ብሎ ጠየቀኝ። በዚያን ሰዓት የሚያጠግብ መልስ ለመስጠት አልቻልሁም ነበርና እነሆ መልሴን በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በትግራይ ከዐድዋ አጠገብ ማይ ምሻም በሚባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አገልጋይ ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በወደቁበት ጦርነት እርሳቸውም እንደ ሞቱ ይነገራል። ከዚያ አስቀድሞ ከብቱን ሁሉ የፈጀው በሽታ ገብቶ ነበርና የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ አገሩን ሁሉ ረኀብ ወረሰው። ይህ ዘመን አሁንም ድረስ ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራው ነው። በእኛም በጐጃም ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት ዘመን ነው። እንግዲህ ገብረ ሕይወት በሕፃንነታቸው ያዩት የአገራቸው መልክ አባት በጦርነት ሲሞት፣ ወገን በራብ ሲያልቅ፣ የተረፈውም ሲሰደድ ነው። ኋላ በጻፉት ጽሑፍ ሁሉ ጦርነት የሰውን ሀብት ሥር ነቅሎ እንደሚጥል ደጋግመው ማስገንዘባቸው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ከዚያም ከምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚባለው ቦታ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተጠጉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ልብ ወለድ ይመስላል። አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ምጽዋ ወደብ ወረዱና ቆሞ የነበረውን የጀርመን መርከብ ለማየት ካፒቴኑን አስፈቅደው ገቡ። ጓደኞቻቸው አይተው ሲወርዱ ገብረ ሕይወት በመርከቡ ውስጥ ተሸሽገው ቀሩ። መርከቡም ሄደ። ካፒቴኑ ልጁን ባሕር መካከል ባገኘው ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ አልቻለም፤ ከአገሩም በደረሰ ጊዜ ለአንድ ሀብታም የኦስትርያ ቤተ ሰብ ሰጣቸው። እነዚያ ደግ ሰዎች እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ አስተማሯቸውም። ጀርመንኛ ቋንቋ ተማሩ፤ ቀጥሎም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት አጠኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ኤኮኖሚ በትምህርት ቤት ተቀምጠው ያጠኑት ዋና ትምህርታቸው አልነበረም። ሐኪም ለመሆን የተማሩ ሰው አገራቸውን ባዩ ጊዜ የሕዝቡ ደዌ በመድኃኒት ብቻ የሚድን ሆኖ አላገኙትም፤ ይልቁንም ገበሬው አምርቶ የማይጠግብበትን ምክንያት መመርመር ጀመሩ።

ወደ ኢትዮጵያ በተመለሱ ጊዜ ቋንቋ ዐዋቂነታቸው ተፈልጎ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኑ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጠና ታመው ነበርና ቤተ መንግሥቱ በሹክሹክታና በጥርጣሬ ተሞልቶ ነበር። ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ጋር ስላልተስማሙ አገር ለቀው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲቈጠር ይህ ሁለተኛው ስደታቸው መሆኑ ነው።

ስደቱ ግን እጃቸውን አላሰረውም። በ1904 ዓ.ም. በአስመራ በስዊድን ሚስዮን ማተሚያ ቤት ብርሃን ይሁን በሚባል መጽሐፍ ውስጥ ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተሰኘው ጽሑፋቸው ታተመ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በሕይወት ነበሩ፤ ሥልጣኑ ግን ወደ ልጅ ኢያሱ እየተላለፈ ነበር። በዚያ ዘመን ስለ ነገሥታት የሚጻፈው ሁሉ ምስጋና ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርሳቸው ግን የዐፄ ቴዎድሮስን፣ የዐፄ ዮሐንስንና የዐፄ ምኒልክን ዘመን በየተራ እያነሡ መልካሙን መልካም፣ ጐደሎውን ጐደሎ ብለው ጻፉ። ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሆነውን ሁሉ የሚያስተውል ልብ፣ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያሰበውንም ገልጦ የሚያስረዳበት ጥሩ የቋንቋ ችሎታ ያስፈልገዋል ብለው ያምኑ ነበር። እኔም ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ሦስቱን ለራሴ እየለካሁ ሦስተኛው እንዳጠረኝ ዐውቄዋለሁ።

ጽሑፉ በወቀሳ ብቻ አያልቅም፤ ለአዲሱ መሪ ምን መደረግ እንዳለበት አንድ በአንድ ያመለክታል። የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ገንዘብ ይለይ፤ ሹማምንት ከሕዝብ እየወሰዱ ከሚኖሩ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ ይቈረጥላቸው፤ ግብር ልኩ የታወቀና በገንዘብ የሚከፈል ይሁን፤ ጉምሩክ በአንድ ሥርዐት ይተዳደር፤ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ገንዘብ ይመላለስ፤ ወታደሩ በሥርዐት ይማር፤ ትምህርት ቤት ይስፋ፤ የሃይማኖት ነፃነት ይኑር። እንደ ምሳሌም ጃፓንን አነሡ። ጃፓን በ1897 ዓ.ም. ታላቂቱን ሩሲያን ያሸነፈችው በጀግንነት ብቻ ሳይሆን አስቀድማ ልጆቿን ስላስተማረችና ሥራዋን ስላሰናዳች ነው የሚል አሳብ በዚያ ዘመን በብዙ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ልብ ውስጥ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ የደመወዙ ነገር ነው። ዛሬ መምህር በየወሩ ደመወዙን መቀበሉ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። በዚያን ጊዜ ግን ሹም ማለት ገበሬ የተተከለለት ሰው ማለት ነበር። ወታደሩም እንዲሁ በባላገር ቤት እየተሰራ እህሉን ይበላ ነበር። ገበሬው ብዙ ቢያመርት የሚበላበት እንግዳ ይበዛበታል እንጂ እርሱ አይከብርም፤ ስለዚህ ብዙ ለማምረት ምን ያተጋዋል? የገብረ ሕይወት ጥያቄ ይህ ነበር።

ከስደት ከተመለሱ በኋላ መንግሥት ሥራ ሰጣቸው። አስቀድመው የምድር ባቡሩ ተቈጣጣሪ፣ ቀጥሎም በድሬዳዋ የጉምሩክ ኀላፊ ሆነው ነጋድራስ ተባሉ። ነጋድራስ የሚለው ማዕርግ ትርጕሙ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። ድሬዳዋ በዚያን ጊዜ ትንሽ ስፍራ አልነበረችም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደርሶ አዲስ ከተማ ፈጠረ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ዋና በር ድሬዳዋ ነበረች ማለት ይቻላል። ቡናው፣ ቆዳው፣ ሰሙ፣ ዝባዱ፣ የዝሆኑ ጥርስ በዚያ ይወጣል፤ አቡጀዲው፣ ጠመንጃውና የፋብሪካው ዕቃ በዚያ ይገባል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወትም በበሩ ቆመው ወጪውንና ገቢውን ይመዝኑ ነበር። ስለ አገር ሀብት ለሚመረምር ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ከየት ይገኛል?

በዚህ ዘመን የጻፉት ሁለተኛው መጽሐፍ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ይባላል። እውነቱን ለመናገር ቀላል መጽሐፍ አይደለም፤ አንዳንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዋናው አሳብ ግን ለገባው ሰው ከልቡ የሚወጣ አይደለም። የሰው ሀብት ምንጩ ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበዛውና የሚያቀለው ደግሞ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ሕዝብና ዕውቀት ያልደረሰው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ዕውቀት ያልደረሰው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ሰዓት ሥራ ይቀበላል። ገበያው በዐይን ሲታይ በፈቃድ የተደረገ ነው፤ ማንም ማንንም አልዘረፈም። ነገር ግን በየዓመቱ አንዱ እየከበረ ሌላው እየደኸየ ይሄዳል። እንዲህ ያለ አገር በጦር ሜዳ ቢያሸንፍና ባንዲራው ቢውለበለብም በኑሮው የሌሎች ጥገኛ ይሆናል። ይህን የጻፉት ከዐድዋ ድል በኋላ ገና ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ባለፈበትና ሁሉ በድሉ በሚኰራበት ዘመን መሆኑን አስቡ። የተወለዱትም እዚያው ከዐድዋ አጠገብ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከሰፈሬ አንድ አብነት ልስጥ፤ አብነቱ የእኔ ነው እንጂ የመጽሐፉ አይደለም። እኔ የተወለድሁት ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በባሶ ሊበን፣ በየጁቤ ነው። የጁቤ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገር ግን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመንና ከዚያም በፊት የባሶ ገበያ በጐጃም ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዐባይ ማዶ ከእናርያና ከሊሙ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ወርቁን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ይዞ ይሻገር ነበር፤ የሚያሳዝነው ግን በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። ነጋዴው በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ስለሚያልፍ፣ አንዱ ሹም ከወሰደው ቀጥሎ ያለው ሹም ስለሚወስድ፣ ዕቃው ምጽዋ ሲደርስ ዋጋው ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ጉምሩክ በአንድ ሥርዐት ይሁን ያሉበት ምክንያት ለእኔ የተገለጠልኝ ይህን ሳስብ ነው።

አሁን ደግሞ ቆዳውን እንመልከት። አንድ የየጁቤ ገበሬ በሬውን አርዶ ቆዳውን ለነጋዴ ይሸጣል። ያ በሬ እስኪያድግ ስንት ክረምት ሣር ታጨደለት፤ ስንት በጋ ውኃ ወረደ! ቆዳው ባሕር ተሻግሮ በመኪና ተለፍቶ፣ ጫማ ሆኖ ይመለሳል። ገበሬው ያንን ጫማ ለልጁ ለመግዛት ቢፈልግ የአንድ በሬ ቆዳ አይበቃውም። በመካከል የተጨመረው ነገር ምንድን ነው? ዕውቀት ነው። ነጋድራስም መንግሥት ሕዝቡን እንዲያስተምርና በአገር ውስጥ የእጅ ሥራና ፋብሪካ እንዲቋቋም መምከራቸው ስለዚህ ነው። ሐዲድ ቢዘረጋም ጥሬውን ዕቃ ቶሎ አውጥቶ የውጭውን ዕቃ ቶሎ ለማስገባት ብቻ ከሆነ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ጐደሎ መሆኑን የተናገሩት ራሳቸው የሐዲዱ ተቈጣጣሪ የነበሩት ሰው ናቸው።

የአርጀንቲናው የኤኮኖሚ ሊቅ ራውል ፕረቢሽ፣ ጥሬ ዕቃ የሚሸጡ አገሮች ከፋብሪካ አገሮች ጋር ሲነግዱ እየተጐዱ እንደሚሄዱ ጽፈው በዓለም የታወቁት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950 ገደማ ነው። የእኛው ነጋድራስ ተቀራራቢ አሳብ ይዘው የተነሡት ከዚያ ሠላሳ ዓመት በፊት ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ በአማርኛ ስለ ነበረ ከኢትዮጵያ ውጭ ማን አነበበው?

ስለ ግብር የጻፉትን ባነበብሁ ጊዜ ደግሞ መጽሐፉን ይዤ ወደ አያቴ ሄድሁ። በጐጃም ስለ ግብር የሚነገር ታሪክ አለና። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ፤ በምክር ቤትም ተመክሮበት የጸደቀ ነበር። የጐጃም ገበሬ ግን ግምቱን የሚገምተውን ሹም አላመነም፤ መሬቴን ለክተው ርስቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ፈራ። በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳሞት ገበሬው መሣሪያውን ይዞ ወጣ፤ ወታደርም ተላከበት፤ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። አያቴ ያን ጊዜ ከብት የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ። ግብር ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፣ ሰብሳቢውም ከገበሬው እጅ ሳይሆን ከመንግሥት ደመወዝ ይብላ የሚለውን ትርጕሙን እያስረዳሁ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና ይህ ሰውዬ የማን አገር ሰው ነው ብለው ጠየቁኝ። የትግራይ ሰው ናቸው፣ የሞቱትም ጐጃም ከመሸፈቱ አርባ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው አልኋቸው። አያቴም፣ ታዲያ ይህን ምክር ለማን ነገረው ብለው ደግመው ጠየቁኝ።

ይህ የአያቴ ጥያቄ ከልቤ አልወጣም። በጀርመን አገር ሉድቪግ ኤርሃርድ የሚባሉ የኤኮኖሚ ሊቅ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራቸው ፈርሳ ሳለች፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1948 የገንዘቡ ለውጥ ሲደረግ ከዋነኞቹ መሪዎች አንዱ ነበሩ። በ1949 በሕዝብ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ፤ የኤኮኖሚ ሚኒስትር፣ ኋላም ከ1963 እስከ 1966 መራሔ መንግሥት ሆኑ፤ በ1977 እስከ ሞቱበት ቀን ድረስም ከምክር ቤቱ አልወጡም። ትክክል የመሰላቸውን በምክር ቤት ቆመው ይናገራሉ፤ የሚቃወማቸውም ተነሥቶ ይመልስላቸዋል፤ ሕዝቡም ይሰማል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በዚያው በጀርመን አገር ተምረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን የሚገቡበት ምክር ቤት አልነበረም። ምክራቸውን የሚሰሙት ንጉሡና ጥቂት መኳንንት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ባይሰሙ ከወረቀት በቀር ሌላ መድረክ አልነበራቸውም። ተስፋ ያደረጉባቸው ልጅ ኢያሱም በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የታወጀው በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ነው። ያንን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በሩሲያ የተማሩት የነጋድራስ የዕድሜ እኩያ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችም ተቋቋሙ፤ ሕዝቡ ራሱ እንደራሴዎቹን የመረጠው ግን በ1950 ዓ.ም. ነው። ነጋድራስ በሕይወት ቢኖሩ ያን ጊዜ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ በሆኑ ነበር።

በእርሳቸውም ዘንድ ጐድሎ ያገኘሁትን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። የመከሩት ለውጥ ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ብልህ ንጉሥ ከተገኘ ሁሉ የሚስተካከል ይመስላቸው ነበር፤ ገበሬው ራሱ ስለ ግብሩ ተሰብስቦ የሚናገርበትን መንገድ በጽሑፋቸው ፈልጌ አላገኘሁም። መምህራችን ይህን ሳነሣ፣ በዚያ ዘመን ከዚህ በላይ መጠበቅ አይገባም ብለውኛል። እኔ ግን በዚህ አልተስማማሁም፤ ስለ ጃፓን ያን ያህል ያነበቡ ሰው በዚያ አገር ምክር ቤት እንደ ቆመ ሳያውቁ አይቀሩም ብዬ አስባለሁና።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የሚለው መጽሐፋቸው በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ቀርቶ ነበር፤ ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመን በአቶ ጳውሎስ መናመኖ ጥረት በአዲስ አበባ ታተመ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1995 በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተተርጕሞ በለንደን ወጣ፤ ኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሥራዎቻቸውን አንድ ላይ አሳተመ።

ከዚህ መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ቅጂ ብቻ አለ። ወስጄ ያቈየሁት እኔ ነበርሁ፤ ባለፈው ሳምንት መልሻለሁ። ስለ ጉምሩኩ ሹም የጠየቀኝ ጓደኛዬም አሁን በተራው ወስዶታል።